ለረጅም ጊዜ የተወሰደ የጭንቀት መድኃኒትን ቀስ በቀስ ስለ መተው

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ በመድኃኒት ቤት መስኮት ውስጥ ሆኜ ባሳለፍኳቸው ዓመታት፣ የጭንቀት ኪኒን ከሚወስዱ ደንበኞች አዘውትሬ የሰማሁት ጥያቄ «ይህ ነገር ይጎዳኛል ወይ?» የሚል አልነበረም። «ዛሬ የለም ስትል ምን ማለትህ ነው?» የሚል ነበር። ጠያቂዎቹ ለሁለት ሳምንት ተብሎ የታዘዘላቸውን ዳያዜፓም ለአምስት፣ ለስምንት፣ አንዳንዶቹም ለአሥራ አምስት ዓመት የወሰዱ፣ ሥራቸውን የሚሠሩ፣ ልጆቻቸውን ያሳደጉ ሰዎች ናቸው። ከመካከላቸው መድኃኒቱን ለመተው የሚፈልጉት ጥቂት አይደሉም፤ የሞከሩትም አብዛኞቹ አንድ ቀን «በቃኝ» ብለው ጥለውት፣ በሳምንቱ ከቀድሞው በባሰ ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ተመልሰው የመጡ ናቸው።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለእነርሱና ለአስታማሚዎቻቸው ነው። ዋናው አሳቡም አንድ ነው፤ በዚህ ጉዳይ ትልቁ አደጋ የሚመጣው ከድንገተኛነት ነው። በከተማችን ደግሞ ሰው መድኃኒቱን በድንገት የሚያቋርጠው ብዙውን ጊዜ አስቦና ወስኖ አይደለም። ከመደርደሪያ ስለ ጠፋበት፣ ጸበል ስለ ገባ፣ ለለቅሶ ወደ አገር ቤት ሲሮጥ ኪኒኑን ቤት ረስቶ ስለ ሄደ፣ ወይም ከአሜሪካ በሻንጣ የምታመጣለት እህቱ ዘንድሮ ስለ ቀረች ነው። ስለዚህ የመቀነስ ዕቅድ ሲወጣ የሚሊግራሙን ስሌት ብቻ ሳይሆን እነዚህን ቀዳዳዎችም አስቀድሞ መድፈን ያስፈልጋል።

አስቀድሞ፣ የሚወስዱት መድኃኒት የትኛው እንደ ሆነ ያረጋግጡ

እዚህ የምናገረው ቤንዞዲያዜፒን ስለሚባሉት መድኃኒቶች ነው። ከእነርሱ የመጀመሪያው ክሎርዲያዜፖክሳይድ እ.ኤ.አ. በ1960፣ ዳያዜፓም ደግሞ ቫሊየም በሚል የንግድ ስም በ1963 ለገበያ ቀርበዋል። የሚወስዱት ኪኒን ከዚህ ወገን መሆኑን ለማወቅ የማሸጊያውን የንግድ ስም ትተው ከሥሩ በትንሹ የተጻፈውን ስም ያንብቡ፤ መጨረሻው «ፓም» ወይም «ላም» ከሆነ፣ ማለትም ዳያዜፓም፣ ብሮማዜፓም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም ወይም አልፕራዞላም ከሆነ፣ የሚከተለው ይመለከትዎታል። አሚትሪፕቲሊንና ፍሉዎክሰቲን ለጭንቀት ቢታዘዙም ወገናቸው ሌላ ነው፤ እነርሱም በድንገት አይቋረጡም፣ የሚቀነሱበት መንገድ ግን የተለየ ነው። ሁለቱን ወገኖች በአንድነት የሚወስድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መቀነስ የለበትም፤ አለዚያ ሕመም ሲሰማው ከየትኛው እንደ መጣ ሐኪሙም ሊያውቅ አይችልም።

እነዚህ መድኃኒቶች በአንጎል ውስጥ ጋባ የሚባለውን፣ የነርቮችን ሩጫ የሚገታ ንጥረ ነገር ኃይል ያጠነክራሉ። ከእንጦጦ ቁልቁል በሚወርድ መኪና ላይ ከሾፌሩ ሌላ አንድ ሰው አብሮ ፍሬን እንደሚረግጥ ያስቡት። ዓመታት ሲያልፉ ሾፌሩ የራሱን እግር ያላላል፤ አጋዡ በድንገት እግሩን ሲያነሣ መኪናው ይፈተለካል። የሚታየው መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ እንቅልፍ ማጣትና በከፋ ሁኔታ የሚጥል በሽታ የሚመስለው መንዘፍዘፍ ከዚያ የሚመጣ ነው። ይህ የሰውነት መልመድ እንጂ የምግባር ጉድለት አይደለም። መድኃኒቱን በታዘዘለት መጠን ብቻ የወሰደ ሰውም ይደርስበታል፤ «ሱሰኛ ሆንኩ ማለት ነው?» እያሉ በይሉኝታ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ለሚጠይቁኝ ሁሉ የምመልሰውም ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2020 በእነዚህ መድኃኒቶች ሁሉ ማሸጊያ ላይ ስለ ጥገኝነትና በድንገት ማቋረጥ ስለሚያስከትለው አደጋ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲጻፍ አዝዟል።

ከመጀመርዎ በፊት የሚደረግ ዝግጅት

የመጀመሪያው እርምጃ ሐኪም ማግኘት ነው። በወረዳዎ ጤና ጣቢያ በኩል የሪፈር ወረቀት አጽፈው ወደ ዘውዲቱ መታሰቢያ፣ ወደ ቅዱስ ጳውሎስ ወይም ወደ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል መሄድ ይችላሉ። አማኑኤል የሚለውን ስም ሲሰሙ ፊታቸው የሚለወጥ ብዙ ሰዎች አውቃለሁ፤ በተመላላሽ ታካሚዎች ክፍሉ ወረፋ የሚጠብቁትን ሰዎች አንድ ጊዜ ሄዶ ያየ ግን፣ ባንክና ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የሚያገኛቸውን ዓይነት ሰዎች መሆናቸውን ይረዳል። ቀደም ሲል የሚጥል በሽታ የነበረበት፣ በመቀነስ ሙከራ ወቅት ተንዘፍዝፎ የሚያውቅ፣ ነፍሰ ጡር የሆነች፣ ብዙ መጠጥ የሚጠጣ፣ ወይም በቀን ከፍተኛ መጠን የሚወስድ ሰው ያለ ስፔሻሊስት ክትትል አንዲት ሩብ ኪኒን እንኳ መቀነስ የለበትም። እንዲህ ያለው ሰው ሆስፒታል ተኝቶ እንዲጀምር ሊደረግም ይችላል።

ወደ ሐኪሙ ሲሄዱ የሚወስዱትን ሁሉ በፌስታል ሰብስበው ይውሰዱ። የሚነግሩት መጠን እውነተኛው ይሁን። ሐኪሙ በወረቀት ላይ በቀን አንድ ፍሬ ጽፎ እርስዎ ግን ማታ ማታ ሁለት የሚውጡ ከሆነ፣ ዕቅዱ ከአንድ ፍሬ ሲጀምር እርስዎ በመጀመሪያው ቀን ግማሹን አቋረጡ ማለት ነው። ከጎረቤት የሚቀበሉት፣ ከውጭ የሚላክልዎ፣ ለሕመም ብለው የሚወስዱት ትራማዶልም ካለ ይናገሩ፤ ትራማዶልና ቤንዞዲያዜፒን በአንድነት ትንፋሽን ሊያዳክሙ የሚችሉ ናቸው።

ሁለተኛው ጉዳይ አቅርቦት ነው። እነዚህ መድኃኒቶች የሚሸጡት ለሳይኮትሮፒክ፣ ማለትም በአእምሮ ላይ ለሚሠሩ መድኃኒቶች በተዘጋጀ የተለየ ማዘዣ ሲሆን፣ ማዘዣውም መድኃኒት ቤቱ ዘንድ ይቀራል። ስለዚህ በእጅዎ ያለው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ፍለጋ የሚጀምሩ ከሆነ ዕቅድ አለኝ አይበሉ። ቢያንስ የሁለት ሳምንት ቀለብ ሲቀርዎ ቀጠሮዎን ያስይዙ፤ በከነማ፣ በቀይ መስቀልና በግል መድኃኒት ቤቶች አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከተቻለም ከአንድ ባለሙያ ጋር ይተዋወቁ። እኔ ራሴ ደንበኛዬ በየትኛው ሳምንት ስንት ሚሊግራም ላይ እንዳለ ሳውቅ፣ ዕቃው ሊያልቅ ሲል ቀደም ብዬ እነግረዋለሁ። በኮሪደር ልማቱ ምክንያት በፒያሳና በካዛንቺስ ብዙ መድኃኒት ቤቶች ከቆዩበት ቦታ ስለ ተነሡ፣ የለመዱት ቤት ወዴት እንደ ሄደ ስልኩን ይዞ መገኘትም ከዝግጅቱ የሚቆጠር ነው። ከውጭ በሚላክ መድኃኒት የሚኖር ሰው ደግሞ የመቀነሱን ሥራ ከመጀመሩ በፊት እዚህ ወደሚገኝ መድኃኒት ስለ መዛወር ሐኪሙን ያማክር፤ የሰው ሻንጣ ተማምኖ የአሥር ወር ዕቅድ አይወጣም።

የመቀነሱ ስሌት

በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1994 ለዚሁ ሥራ ብቻ የተቋቋመ ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን ከታካሚዎቻቸው ያገኙት ዋና ትምህርት፣ ቅነሳው አዝጋሚ መሆን እንዳለበትና ፍጥነቱንም ታካሚው ራሱ መወሰን እንደሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበራት የጋራ መመሪያም በየ2 እስከ 4 ሳምንቱ ከ5 እስከ 10 በመቶ በመቀነስ እንዲጀመር፣ በአብዛኛው ደግሞ በ2 ሳምንት ውስጥ ከ25 በመቶ በላይ እንዳይቀነስ ያሳስባል። መቶኛው የሚሰላው ያን ጊዜ ከሚወስዱት መጠን ነው፤ ከመጀመሪያው መጠን አይደለም።

ይህንን በእጃችን ባለው ኪኒን እንመልከተው። አንድ ሰው በቀን 10 ሚሊግራም ዳያዜፓም፣ ማለትም ባለ 5 ሁለት ፍሬ ይወስዳል እንበል። የባለ 5 ሩብ 1.25 ሚሊግራም ነው። በየሦስት ሳምንቱ ሩብ ፍሬ ቢቀንስ ከ10 ወደ 8.75፣ ከዚያ ወደ 7.5፣ ወደ 6.25፣ በመጨረሻም ወደ 5 ይደርሳል። የመጀመሪያው ሩብ ከአሥር በመቶ ጥቂት ከፍ ይላል፤ ሰውነቱ ከከበደው በሦስት ሳምንት ፋንታ አራት ሳምንት ይቆያል። ከ5 ሚሊግራም በታች ግን ያው ሩብ ከጠቅላላው 25 በመቶ ስለሚሆን በሩብ መቀጠል አይገባም። እዚህ ላይ ሐኪሙ ባለ 2 ሚሊግራም ኪኒን እንዲያዝ ይጠይቁ፤ የባለ 2 ሩብ 0.5 ሚሊግራም ነውና ከ5 ወደ 4.5፣ ወደ 4፣ ወደ 3.5 እያሉ መውረድ ይቻላል። ከ2 ሚሊግራም በታች ያችው ግማሽ ሚሊግራም እንደገና ትልቅ ድርሻ ስለምትሆን በእያንዳንዱ እርከን አራት ሳምንት መቆየት ይሻላል። እንዲህ ሲቆጠር ጠቅላላው ጉዞ ከ10 እስከ 13 ወር ይፈጃል። ረጅም ይመስላል፤ መድኃኒቱ የተወሰደበትን ስምንት ዓመት ላሰበ ሰው ግን ረጅም አይደለም።

ኪኒኑን በምላጭ ሲቆርጡ ይሰባበራል፤ በመድኃኒት ቤት የሚገኘው የኪኒን መቁረጫ የተሻለ ነው። የቆረጡትን ሩብ በዚያው ሳምንት ይጨርሱት፤ አንዱ ሩብ ከሌላው ጥቂት ቢበልጥ አይጨነቁ፤ ዳያዜፓም በሰውነት ውስጥ ለቀናት ስለሚቆይ ልዩነቱ ይቻቻላል። ኪኒኑን በውኃ በጥብጦ በማንኪያ መለካት ግን አይሠራም፤ ዳያዜፓም በውኃ አይሟሟም፤ ከላይ የቀዱትና ከሥር የቀረው እኩል አይሆንም። ቀስ ብሎ እንዲለቅ ተደርጎ የተሠራ ኪኒን ደግሞ ፈጽሞ አይቆረጥም።

አልፕራዞላም ወይም ሎራዜፓም የሚወስዱ ሰዎች ጉዳያቸው ጥቂት ይወሳሰባል። አልፕራዞላም በ11 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከሰውነት በግማሽ ስለሚቀንስ፣ በሁለት መጠኖች መካከል ባለው ሰዓት ጭንቀቱ ብቅ ይላል። በዚህ ምክንያት ሐኪሙ ቀስ በቀስ ወደ ዳያዜፓም ሊያዛውርዎ ይችላል፤ ጉበቱ ለታመመ ወይም ዕድሜው ለገፋ ሰው ግን ይህ ዝውውር ላይስማማው ይችላል። ፍሬ በፍሬ ግን አይመነዘርም። በአሽተን ስሌት 0.5 ሚሊግራም አልፕራዞላም ወይም 1 ሚሊግራም ሎራዜፓም የሚመጣጠነው ከ10 ሚሊግራም ዳያዜፓም ጋር ነው። ትንሽ የምትመስለው ኪኒን ትልቋ ነች፤ ይህን ሳያውቁ በራሳቸው የለወጡ ሰዎች ሳያስቡት መጠናቸውን ከግማሽ በታች አውርደው ታምመዋል።

የእኛ የዘመን አቆጣጠር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ፣ በየሁለት ሳምንቱ የሚቀንስ ሰው በ1 እና በ16 ሊያደርገው ይችላል። አንዲት እናት ቅነሳቸውን በልደታና በኪዳነ ምሕረት ቀን እያደረጉ አንድም ቀን ሳይሳሳቱ አሥር ወር ሙሉ ሲጓዙ አይቻለሁ፤ ጳጉሜን ግን «የእረፍት ወር» ብለው ምንም ሳይቀንሱበት አለፉ። በደብተርዎ ላይ ቀኑን፣ የወሰዱትን መጠን፣ የተኙበትን ሰዓትና የጭንቀቱን ክብደት ከ10 ምልክት እየሰጡ ይጻፉ። እርከኑ ከከበደዎ ባሉበት ይቆዩ። ወደ ቀደመው እርከን መመለስ የሚያስፈልገው ሐኪሙ ሲመክር ብቻ ነው፤ በከፋ ቀን አንድ ፍሬ ጨምሮ በማግሥቱ መተው ደግሞ ሰውነትን ያለ ማቋረጥ እንደገና ማስጀመር ነው።

የማቋረጥ ሕመም ሲመጣ

ዳያዜፓምን የቀነሰ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ምንም ላይሰማው ይችላል፤ ሕመሙ የሚመጣው ከቀናት በኋላ፣ አንዳንዴም በሁለተኛው ሳምንት ነው። ይህን የማያውቅ ሰው በሦስተኛው ቀን «ቀላል ነው» ብሎ ሌላ ሩብ ይጨምርና በአሥረኛው ቀን የሁለቱን ዋጋ በአንድነት ይከፍላል። አልፕራዞላም ከሆነ በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ይሰማል።

የሚታወቁት ምልክቶች እንቅልፍ ማጣት፣ ላብ፣ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የጡንቻ መኮማተርና የሆድ መረበሽ ናቸው። ብዙዎችን የሚያስደነግጡት ግን ያልጠበቋቸው ናቸው፤ የጆሮ ጩኸት፣ ቆዳ ላይ ጉንዳን የሚሄድ መምሰል፣ ብርሃን መውጋት፣ ራስን ከውጭ ሆኖ እንደ ማየት ያለ እንግዳ ስሜት። ድምፅም ከልክ በላይ ይጎላል። የወያላው ጥሪ፣ የሲዲ ሱቁ ሙዚቃ፣ የግንባታው መዶሻ ቀድሞ የማይሰሙት ሰው አሁን ጥርሱ ውስጥ ይሰማዋል። በእነዚያ ሳምንታት ከሜክሲኮ ወይም ከለገሃር በሥራ መውጫ ሰዓት መሳፈርን ከቻሉ ያስቀሩ፤ ግማሽ ሰዓት ቀድሞ ወይም ዘግይቶ መንቀሳቀስ ብቻውን ብዙ ያቀላል።

ምልክቱ የማቋረጥ ሕመም ነው ወይስ የቀድሞው የጭንቀት ሕመም ተመልሶ ነው? ለዚህ ደብተሩ ይጠቅማል። ከቅነሳው ቀን ጋር ተያይዞ የሚነሣ፣ ከዚያ በፊት ፈጽሞ ያልነበረ ስሜት የተቀላቀለበት፣ እንደ ማዕበል መጥቶ የሚሄድ ከሆነ ከመድኃኒቱ መቀነስ የመጣ የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው። ከቅነሳው ጋር ሳይገናኝ የሚጸናና እየጨመረ የሚሄድ፣ ከዓመታት በፊት ወደ ሐኪም የወሰደዎን ጭንቀት ቁርጥ የሚመስል ከሆነ ግን ለሐኪሙ ይነገር፤ የሥነ ልቦና ሕክምና ወይም ሌላ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል።

ጭንቀቱ ድንገት ሲያጥለቀልቅዎ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠሩ ይሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ያውጡ፤ የሚያረጋጋው ረጅሙ አወጣጥ ነው። አምስት ደቂቃ በቂ ነው። እንቅልፍ ሲከዳዎ ደግሞ ሃያ ደቂቃ ያህል ከተገላበጡ በኋላ ከአልጋ ይነሡ። ቤቱ አንድ ክፍል ከሆነና ልጆች የሚተኙበት ከሆነ ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ በደብዛዛ ብርሃን የሚሠራ ነገር፣ ምስር መልቀም እንኳ ይበቃል፤ እንቅልፉ ሲመጣ ወደ አልጋ ይመለሳሉ። ጠዋት የሚነሡበት ሰዓት ግን ሌሊቱ እንዴትም ቢያልፍ አይለወጥ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት አካባቢ በመስቀል አደባባይ ደረጃዎች ላይ ስፖርት የሚሠሩትን ያዩ ይሆናል፤ መሮጥ አይጠበቅብዎትም፣ በእነርሱ መካከል ሠላሳ ደቂቃ መራመድ ለማታው እንቅልፍ ይረዳል።

ቡና፣ ጫት፣ መጠጥና ሌሎች መድኃኒቶች

ቡናን ተው ማለት በአዲስ አበባ ከጎረቤት ተለይ ማለት ስለሆነ ያን አልመክርም። ካፌይን ግን የተቆጣ ነርቭን ያስቆጣል። ያገኘሁት መፍትሔ ቀላል ነው፤ ጀበናው ሲቀርብ አቦሉን አሳልፈው በረካውን ይጠጡ። ያው ዱቄት ሦስት ጊዜ ስለሚፈላ በረካው ቀጭን ነው፤ ከሥነ ሥርዓቱም አልጎደሉም። ማኪያቶን ግን ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ መተው ይገባል። ቡናን በድንገት ያቋረጠ ሰውም ራሱን ያመዋልና ቡናንና ኪኒኑን በአንድ ሳምንት አይቀንሱ። ጫት ላይ ይህን ያህል ማለሳለስ አይቻልም፤ ጫት ነርቭን የሚያነቃ ነው፤ ማታ በምርቃና የከዳውን እንቅልፍ ለመመለስ ዳያዜፓም የሚወስድ ሰው ጫቱን ሳያቆም መድኃኒቱን መቀነስ አይችልም።

መጠጥ በሌላ በኩል መጥፎ ነው። አረቄም፣ ጠጅም፣ ቢራም የሚሠሩት መድኃኒቱ በሚሠራበት በር በኩል ስለሆነ ለሁለት ሰዓት ያረጋጋሉ፤ በማግሥቱ ግን ሕመሙ በርትቶ ይመለሳል። ኪኒኑን በመለኪያ የተካ ሰው ጌታ ለወጠ እንጂ አልተላቀቀም። ከዚህም የከፋ አለ፤ መጠኑን ከቀነሰ በኋላ ሰውነቱ የቀድሞውን ያህል አይችልም፤ የድሮውን መጠን ከመጠጥ ጋር የወሰደ ሰው ትንፋሹ ሊቆም ይችላል።

ከሌሎች መድኃኒቶች ሦስቱን ለይቼ አነሣለሁ፤ በየቀኑ ስለሚሸጡ። ለታይፎይድ ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን የሚታዘዘው ሲፕሮፍሎክሳሲን የጋባን ሥራ ሊያውክና መንዘፍዘፍን ሊያመጣ ስለሚችል፣ በመቀነስ ላይ መሆንዎን ሳይናገሩ አይቀበሉት፤ ብዙ ጊዜ ሌላ አማራጭ አለ። ለጨጓራ የሚወሰደው ኦሜፕራዞል ደግሞ ዳያዜፓም ከሰውነት የሚወጣበትን ፍጥነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ኦሜፕራዞልን ያቆሙ ዕለት ሳያውቁት ዳያዜፓምንም ቀነሱ ማለት ነው። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን በተቃራኒው ዳያዜፓምን ቶሎ ከሰውነት ያስወጣል፤ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የጀመረ ሰው ቅነሳውን አቁሞ ሐኪሙን ያማክር።

ጸበል፣ ጾምና ለቅሶ

ወደ እንጦጦ ወይም ወደ ሌላ ጸበል ሄዶ ለሁለት ሱባዔ የሚቆይ ሰው ኪኒኑን ቤት ትቶ መሄዱ በተደጋጋሚ ያየሁት ነገር ነው። ከዚያ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን የሚመጣው መንቀጥቀጥና መንዘፍዘፍ ለሌላ ነገር ይተረጎምበታል። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በዘመናቸው የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲጠቀሙ በይፋ መክረው ነበር፤ ለዚህም መድኃኒት ከዚያ የተለየ ምክር ያለ አይመስለኝም። ከመሄድዎ በፊት የንስሐ አባትዎን ያነጋግሩ፤ የቀኖቹን ኪኒን ቆጥረው ይያዙ፤ አብሮዎ ለሚሄደውም ምን እንደሚወስዱ ይንገሩ።

ጾምን በተመለከተ ዳያዜፓም በሰውነት ስለሚቆይ በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ መወሰዱ ይረዳል። በረመዳን በሱሑርና በኢፍጣር፣ በዐቢይ ጾም ከቅዳሴ በኋላ ወይም ማታ ሊደረግ ይችላል፤ በቀን ሦስት ጊዜ የሚወሰድ አልፕራዞላም ግን ለዚህ አይመችምና ጾሙ ከመግባቱ ከወራት በፊት ሐኪምን ማማከር ያስፈልጋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ብቻውን የሚያንቀጠቅጥ ስለሆነ፣ ዐቢይ ጾም በሚገባበት ሳምንት አዲስ ቅነሳ አይጀመር፤ በያዙት እርከን ይቆዩ።

ለቅሶ ቀጠሮ የለውም። ሌሊት ስልክ ተደውሎ በንጋታው አውቶቡስ ላይ ለሚገኝ ሰው የሚበጀው፣ የአሥር ቀን መጠን በትንሽ ብልቃጥ፣ ከማዘዣው ቅጂ ወይም ፎቶ ጋር በጉዞ ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ ተቀምጦ መገኘቱ ነው። የቀረውን ኪኒን ደግሞ የሚያምኑት የቤተሰብ ሰው ይያዘውና በየሳምንቱ ይስጥዎ፤ ለእርሱ ወይም ለእርሷ ሲነግሩ ግን እንደ ዘበኛ ሳይሆን እንደ ደብተር ያዥ እንዲያገለግሉ ይስማሙ። «ዛሬም ወሰድህ?» የሚል ጥያቄ በየማታው መስማት ራሱ ያስጨንቃል።

ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚያስኬድ ነገር

ሰውየው ቢንዘፈዘፍ፣ ቀንና ቦታ ቢጠፋበት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት ቢጀምር፣ ከፍተኛ ትኩሳትና ማቋረጫ የሌለው ትውከት ቢኖረው፣ ወይም ስለ መሞት ማውራት ቢጀምር ቀጠሮ አይጠበቅም። ለቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይደወል። ለሚንዘፈዘፍ ሰው ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይረዳውም፤ ማንኪያ ወይም ጨርቅ ጥርሱ መካከል ማስገባትም ይጎዳዋል። በጎኑ ያስተኙት፤ ኮሌታውን ያላሉት፤ ስለት ያለውን ነገር ከአጠገቡ ያርቁ፤ ሰዓት ይያዙ። ለሐኪሙም «የጭንቀት ኪኒን በመቀነስ ላይ ነበር፤ በዚህ ቀን ይህን ያህል ወስዷል» ብሎ ደብተሩን ማሳየት ከማንኛውም ማብራሪያ ይበልጣል።

ከመጨረሻው ኪኒን በኋላ

የመጨረሻዋን ሩብ የዋጡበት ቀን ሕመሙ የሚያበቃበት ቀን አይደለም። እንቅልፉ ለመስተካከል ሳምንታት፣ አንዳንዴ ወራት ይፈልጋል፤ ደህና ሰንብተው ሳለ በሦስተኛው ወር አንድ መጥፎ ሳምንት ቢመጣ እንደ ሽንፈት አይቁጠሩት፤ ወደ ኪኒኑም አይመለሱ። መኪና የሚያሽከረክር ሰው በቅነሳው ሳምንታት እንደ ተጠነቀቀ ሁሉ እንቅልፉ እስኪረጋ ይጠንቀቅ። ወደፊት ለቀዶ ሕክምና ወይም ለሌላ ሕመም ሐኪም ዘንድ ሲሄዱ ይህን መድኃኒት ለስንት ዓመት እንደ ወሰዱና መቼ እንደ ተዉ ይንገሩ።

መሳቢያ ውስጥ የቀረ ስትሪፕ ካለ ወደ መድኃኒት ቤት ይዘውት ይምጡ፤ በአግባቡ እንዲወገድ ይደረጋል። ጎረቤትዎ «እንቅልፍ አጥቻለሁ፣ ከዚያች ኪኒን አንድ ፍሬ ካለሽ» ብላ በር ስታንኳኳ ቤት ውስጥ የሚሰጥ ነገር ባይኖር ይሻላል።